ሲረጋ የተጻፈ ነፋስ

ንዋይ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከለቅሶ ቤቱ ሰው ሁሉ በላይ የተመሰገነው ገሠሠ ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው አሰብ በነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር፣ ከሟቹ ቤት ፊት ለፊት ነው። የየካቲት ነፋስ ከባሕሩ እየተነሣ የሸራውን ጠርዝ ያነሣል፣ ይጥላል። የመጣው ሁሉ የሟቹን ሚስት ትሩፋትን «እግዜር ያጥናሽ» ካለ በኋላ ዐይኑ ገሠሠን ይፈልጋል።

«ወንድም እንኳ እንዲህ አይሆንም» ይላሉ። «የገነዘው እሱ፣ መቃብሩ አጠገብ የቆመው እሱ። ጓደኛስ እንዲህ ነው።»

ገሠሠ ይህን በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሰዎቹ ኀዘን ይመስላቸዋል። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ረፋዱ ላይ ትሩፋት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋ በለቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«ገሠሠ ወንድሜ፣ ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል አሉኝ። ጓድ ክፍሌ ራሱ ይመራዋል። ንዋይ የሞተው በገዛ ጥፋቱ ነው፣ የማይረባ ነገር ሠርቶ በላዩ ላይ ወደቀበት ብለው ሊጽፉ ነው ይባላል።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ የሚለው። ሰው እንደሁ ይሞታል፣ ሞቱንስ ችዬዋለሁ። ሥራ የማይችል ሰው ነበር መባሉን ግን አልችለውም። እጁን ታውቀዋለህ። የነፋሱ መዝገብ ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው። እውነቱን ንገርልኝ።»

«እነግርልሻለሁ» አለ። እውነቱማ አንተ ጋ ነው ባለችው መዝገብ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ከጥሩ ሥራ ነው።

ገሠሠ ከደብረ ብርሃን ወደ አሰብ ወርዶ ማጣሪያው ሲቀጠር ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሥራው በየሰዓቱ እየዞረ የእንፋሎቱን ግፊትና የዘይቱን ሙቀት ከየመለኪያው ላይ አንብቦ መመዝገብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነባር ሠራተኛ ከመለኪያው ፊት አቁሞ አስተማረው። «መርፌው ሲዘል አትጻፍ። የሚዘል መርፌ ምንም አይነግርህም። ቁም፣ ታገሥ፣ ሲረጋ ጻፍ።» ለእንፋሎት ይህ ትክክለኛ ምክር ነው። ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ነገር ልኩ የታወቀ ነውና ትንሽ ቢናወጥ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ገሠሠ ምክሩን እንደ አባታችን ሆይ ያዘው። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መዝገቡ ላይ አንድ ስርዝ ድልዝ የተገኘበት ቀን የለም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «የገሠሠን መዝገብ አሳዩት» ይባል ነበር።

ንዋይ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። የድሬዳዋ ልጅ፣ ከባቡር ጋራዥ የወጣ ብረት በያጅ፣ ቀልደኛ፣ ሸሚዙ አንድ ቀን ተቆልፎ የማያውቅ። እሱ የጥገና ክፍል፣ ገሠሠ የመቆጣጠሪያ ክፍል ናቸው፤ ምሳ የሚበሉት ግን አብረው ነው።

«አቦ ገሠሠ፣ ይህ ሁሉ ድፍድፍ ከየት ነው የሚመጣው?» ይለዋል፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ከመርከብ።»

«መርከቡስ?»

«ከውጭ አገር ነዋ። ደሞ ጀመረህ!»

«የምንገዛውስ በምንድን ነው?»

«በቡና።»

«አየህ! ከፋ ይለቅማል፣ ሲዳሞ ያጥባል፣ እኔና አንተ እዚህ አሰብ ቁጭ ብለን እናቃጥለዋለን። ያገሬ ገበሬ ቡናው ጭስ ሆኖ በጭስ ማውጫ ሲወጣ ቢያይ ምን ይል ይሆን? ነፋሱ ደግሞ በነፃ እየመጣ ባርኔጣችንን ሲወስድብን ይውላል።»

ወሬ ብቻ አልነበረም። ንዋይ ባዶ የዘይት በርሜል ለሁለት ይሰነጥቅና ግማሾቹን ሆድና ጀርባ አሰጣጥቶ በአንድ ቋሚ ብረት ላይ ይበይዳቸዋል። ነፋስ በመጣ ቁጥር በርሜሉ ይሽከረከራል። «ትናንት ናፍጣ የተሸከመ በርሜል ነው» ይላል፣ «ነገ ናፍጣን ሥራ ያስፈታዋል።» ሐሳቡ በይሉል ነበረች። ከአሰብ በስተሰሜን፣ በመኪና ሁለት ሰዓት የምታስኬድ የአፋር መንደር ናት። አንድ ጉድጓድና አንድ የናፍጣ ሞተር አላት። ጊዜው ግን የጦርነት ጊዜ ነው፣ ናፍጣው በኮታ ነው። ኮታው ሲያልቅ የበይሉል ሴቶች ባልዲ በገመድ እያወረዱ በክንዳቸው ውሃ ይስባሉ፤ ፍየሎቹ ከብበው ይጮኻሉ። ዘይት ከሚነጠርበት ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖ ናፍጣ ማጣት ንዋይን እንደ ስድብ ያንገበግበው ነበር።

«ውሃውን በነፋስ እናውጣ» ብሎ ባመለከተ በሁለት ዓመቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ክፍሌ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወረቀት የሚያምን ሰው ነበር። ኮሚቴው «መጀመሪያ የአንድ ዓመት የነፋስ ልክ ይመዝገብ» አለ። ከአዲስ አበባ መለኪያ መጣ፤ ጭልፋ የመሰሉ አራት ጽዋዎች የሚሽከረከሩበት፣ ከሥሩ ነፋሱ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ የሚያሳይ መርፌ ያለው። በይሉል የሚነፍሰውም አሰብ የሚነፍሰውም ያው የባሕሩ ነፋስ ነው ተብሎ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ተተከለ።

«ማን ያንብበው?» ሲባል ንዋይ ከመቀመጫው ተነሣ። «ከገሠሠ ሌላ ማን አለ? እጁ የደብተራ፣ ልቡ የሰዓት!» አዳራሹ ሳቀ። ገሠሠ ተመረጠ።

በ1976 ዓመተ ምሕረት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ እየወጣ አነበበ። አንድም ቀን አልቀረም፤ ወባ ይዞት እንኳ ተሸፋፍኖ ወጥቷል። ኅዳር ሲገባ ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚመጣው ትልቁ ነፋስ ተነሣ። ያን ቀን መርፌው ከስድስት ወደ ዐሥራ አራት ዘለለ፣ ከዐሥራ አራት ወደ አምስት ወረደ፣ ተመልሶ ዐሥራ ስምንት ላይ ተሰቀለ። ገሠሠ እርሳሱን እንደያዘ ቆመ። የሚዘል መርፌ አይጻፍም። ፊቱን አሸዋ ሲገርፈው ከሲሚንቶው መሠረት ጀርባ ተጠለለ፤ ታገሠ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነፋሱ ትንፋሽ ሲሰበስብ መርፌው ሰባት ላይ ረጋ። «ሰባት» ብሎ በዚያ ውብ እጁ ጻፈ።

ዓመቱን ሙሉ እንዲያ አደረገ። መጋቢት ላይ አንድ ቀን መርፌው ሃያ ሁለትን ሲነካ አይቷል። የዚያን ዕለት ቀትር መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስምንት ነው። ሊያታልል አልነበረም፣ በዚህ እግዜር ምስክሩ ነው። ነፋስ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለመሆኑ፣ ዝላዩም ራሱ የነፋሱ ልክ መሆኑ፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ጥሩ ሠራተኛነት ተሸፍኖበት ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ለኮሚቴው ቀረበ። ከፍተኛው ዘጠኝ፣ አማካዩ አራት ከምናምን። ክፍሌ ገጹን እያገላበጠ «እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ አይቼ አላውቅም» አለ። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ለገሠሠ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ተጨበጨበ። ወዲያው በዚያው ስብሰባ የበይሉል ነገር ተዘጋ። «የአሰብ ነፋስ ይጮኻል እንጂ ጉልበት የለውም» ተባለ። «በናፍጣው እንቀጥላለን።»

በሦስተኛው ቀን ንዋይ ምሳ ላይ ከገሠሠ ፊት ተቀምጦ የእንጀራውን ጫፍ እየቆረሰ ሳይጎርስ ያስቀምጣል።

«የሚያናድደኝ ምን መሰለህ?» አለ። «ነፋስ እንደ ሌላው ነገር አይደለም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፣ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከአራት ወደ ስምንት ቢሄድልኝ ስምንት በይሉልን ባጠጣሁ ነበር። ማማው ላይ የሚያርፈው ግፊት ደግሞ አራት እጥፍ። ለዚህ ነው ሰው በጆሮው ሲለካው የሚሳሳተው። እኔም እንደ ሞኝ ጩኸቱን ሰምቼ ብዙ መስሎኝ ነበር።»

ገሠሠ እጁን ከእንጀራው አነሣ። ሃያ ሁለቱ ታየው፤ ከጎኑም ስምንት የሚለው። ያኔ ነው የገባው። ከሲሚንቶው ጀርባ ተጠልሎ እያሳለፈ የተወው፣ እዚህ ግባ የማይባለው ዝላይ፣ የነፋሱ ጉልበት ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

«ንዋይ» አለ።

«አቤት።»

የምስጋናው ወረቀት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ለአዲስ ሠራተኛ የሚታየው የእሱ መዝገብ ነው። «ገሠሠ እንኳ ተሳሳተ» ሲባል ታሰበው። የሚስቁት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታየው።

«ምንም» አለ። «ብላ እንጂ። ይቀዘቅዛል።»

ነገ እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። ነገ ደግሞ የራሱ ነገ አለው።

ንዋይ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው ገንዘብ ባይሰጠውም «ለትንሽ ነፋስ ትንሽ ማሽን» አለና በትርፍ ሰዓቱ ሥራውን ጀመረ። የተጣለ በርሜል ለመነ፣ ያረጀ ቱቦ ለመነ፣ ኩሽኔታ ከተበላሸ መኪና ፈታ። በኅዳር 1977 ሁሉም ተዘጋጀ፤ የጎደለው ማማውን ከመሬት ጋር ወጥሮ የሚይዘው የሽቦ ገመድ ብቻ ነበር። ከወደቡ የተጣለ የክሬን ገመድ አገኘ፤ ጤነኛው ክፍል ተቆርጦ ሲለካ የሚበቃው ለሦስት ውጥር ነው። ስድስት ለማድረግ የሚቀጥለውን መጠበቅ አለበት፤ ምናልባት ሁለት ወር።

ያን ዕለት ገሠሠን ወደ ጋራዡ ጠራው። መሬት ላይ በጠመኔ ስሌቱን ጽፎታል።

«ና እስቲ እይልኝ። በዘጠኝ ነፋስ ሦስት ገመድ ይበቃል። ይተርፋልም። ግን ልቤ ይፈራል መሰለኝ፣ ይሄን ጩኸት ስሰማ።» ውጭ ቆርቆሮው ይንኳኳል። «እኔ በጆሮዬ ነው የምለካው፣ አንተ በመርፌ ነህ። ሴቶቹ ደግሞ ባልዲ ሲስቡ እጃቸው ተልጧል፤ ሁለት ወር ጠብቁ ማለት አፍሬ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከዘጠኝ የበለጠ የለም?»

ቀጥ ብሎ ዐይኑን አየው።

ገሠሠ ኋላ ላይ ያቺን ቅጽበት ሺህ ጊዜ መልሶ ኖሯታል። «አለ» ማለት ብቻ ነበረበት። አንዲት ቃል። ንዋይ ምናልባት ይሳደብ ነበር፤ ምናልባት ይስቅ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ይቅር ባለው ነበር። እንዲያ ዓይነት ሰው ነበር።

«የጻፍኩት ነው» አለ ገሠሠ። «ዘጠኝ።»

«በቃ!» ንዋይ ትከሻውን መታው። «ከጩኸት ያንተ እጅ ይበልጣል።»

በታኅሣሥ የበርሜል ማማው በይሉል ላይ ቆመ። ውሃ ወጣ። ንዋይ ከበይሉል ሲመለስ ትሩፋት ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችው፤ ገሠሠም ተጠርቶ በላ። «አንዲት ጠብታ ናፍጣ አልጠጣም» እያለ ንዋይ እንደ ሙሽራ ይፈነድቅ ነበር። «ፍየሎቹ ሳይቀሩ ገረማቸው!» ገሠሠ አብሮ ሳቀ። ጥር አለፈ። ማማው ቆሞ ሲከርም ገሠሠ ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል ማለት ጀመረ።

በየካቲት ዐሥራ ሁለት ትልቁ ነፋስ መጣ። ንዋይ ያን ቀን በይሉል ነበር። በርሜሎቹን በገመድ አስሮ ሊያቆማቸው ከማማው ሥር እንደገባ ማማው ወደቀበት። የአፋር ጎልማሶች ብረቱን አንሥተው አወጡት፤ በሹፌሩ በመርሻ የጭነት መኪና ጭነው ወደ አሰብ ሲያመጡት መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ትሩፋት ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣለች። ክፍሌ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ከፍተኛው ዘጠኝ ነው። ጓድ ስለሺ፣ አንተ የጥገና ሰው ነህ። ለዘጠኝ ሦስት ገመድ ያንሳል?»

ስለሺ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አየ። «አያንስም። ልክ ነው የሠራው።»

«እንግዲያው ምን ጣለው?»

ስለሺ ትሩፋትን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ። «ገመዱ ልክ ከሆነ… ብየዳው ነው የሚቀረው።»

«ብየዳው» እያለ ክፍሌ ጻፈ። ቀና አለና «ጓድ ገሠሠ፣ የምትጨምረው አለህ?» አለው።

ገሠሠ ተነሣ። የሰው ሁሉ ዐይን በርኅራኄ ያየዋል። ከርኅራኄው ጋር እንዴት ይታገል? ቢጠሉት ይሻለው ነበር።

«የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ሲወጡ በሩ ላይ ትሩፋት ጠበቀችው። ሊሸሻት ፈለገ፤ እጁን ያዘችው።

«ከሰው ፊት ስለሆነ ነው» አለችው። «ኀዘኑ አፍህን ይዞህ ነው። አይዞህ፣ አልቀየምህም።»

እሱን የምታጽናናው እሷ ነበረች። ገሠሠ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ምግብም አልቀመሰ፣ የምስጋናውንም ወረቀት ቀና ብሎ አላየ።

በሳምንቱ ክፍሌ ሌላ ነገር አዘዘው። በይሉል ላይ የወደቀው ቱቦና ብረት የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነውና ሄዶ አስጭኖ እንዲያመጣ። በመርሻ መኪና ሄደ። መርሻ መንገዱን ሙሉ ስለ ንዋይ ሲያወራለት፣ ቀልዱን ሲያስታውስ፣ እሱ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ሄደ።

ጉድጓዱ አጠገብ የተቀበላቸው ሐመዱ የሚባል የበይሉል ሽማግሌ ነው። ከነጂዎች ጋር ኖሮ አማርኛ ጥርት አድርጎ ይናገራል። ገሠሠን ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አስቀመጠው፤ ራሱም ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ከሁሉ በፊት ዳጉ ይጠይቃል። ያየኸውንም የሰማኸውንም ለይተህ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፤ እሱም እንዲሁ ይነግርሃል። በምድረ በዳ ሰውም ከብትም የሚኖረው በዚያ ዜና ነውና የሐሰት ዳጉ የሰጠ ሰው ከሌባ ይቆጠራል።

«አሰብ ምን አለ?» አለ ሐመዱ።

«ሰላም ነው።»

«ሰላሙን አይደለም የጠየቅሁህ። ስለ ንዋይ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። ብየዳው ነው የተለቀቀው አሉ።»

«ይህ ያየኸው ነው የሰማኸው?»

«የሰማሁት።»

«ና» ብሎ ሐመዱ ተነሣ። የወደቀውን ብረት በዱላው እየነካ አሳየው። «ይኸው የበየደበት። ይኸው፣ ይኸው። አንዱም አልተላቀቀም። ቱቦው ታጥፏል፣ ብየዳው ግን አልለቀቀም። የተበጠሰው ገመዱ ነው። እዚህ ቆሜ ነበር፣ የሰማሁት አይደለም። ነፋሱ መጣ፣ አንዱ ገመድ ተበጠሰ፣ ሁለቱ ብቻቸውን አልቻሉም። የኔ ዳጉ ይህ ነው። አሁን ያንተን ስጠኝ።»

ገሠሠ ብየዳውን አየ። የንዋይ እጅ፣ እንደ ሴት ስፌት የተደረደረ። ሐሙስ በአዳራሹ ውስጥ ዝም ብሎ የሰጣቸው ይህን እጅ ነው። አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«ያየሁት ሃያ ሁለት ነው» አለ። «የጻፍኩት ስምንት ነው። ሲረጋ ጠብቄ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ አላወቅሁም ነበር። ገመዱን ሲጠይቀኝ ግን አውቄ ነበር። አውቄ ዘጠኝ አልኩት።»

ሴቶቹ ባልዲውን እያወረዱ ይስባሉ።

«ሚስቱ ታውቃለች?» አለ ሐመዱ።

«አታውቅም።»

«ክፉ ሠራህ። ይህ ዜና ከእሷ ቤት በፊት እኔ ቤት መግባት አልነበረበትም። አሁን ግን ገብቷል። የሚጠይቀኝን መንገደኛ አልዋሸውም። ዛሬ ግመል ይዘው ወደ አሰብ የሚወርዱ አሉ፤ ከነገ ወዲያ ይደርሳሉ። አንተ መኪና አለህ። ተነሥ።»

መርሻ ቱቦውን ለማስጫን እጅጌውን ሰብስቦ ነበር። «ንብረቱስ?» አለ ግራ ገብቶት።

«ተወው። ንዳ።»

ትሩፋትን ደጃፏ ላይ የንዋይን የሥራ ልብስ እያጠበች አገኛት። ገሠሠ እንዲቀመጥ በርጩማ ስትስብለት አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ስለ መርፌው ነገራት፣ ስለ ምስጋናው ወረቀት ነገራት፣ በጠመኔ ስለተጻፈው ስሌት ነገራት። እሷ እጅዋን ከውሃው ሳታወጣ ሰማችው።

«ሲጠይቅህ ፊትህን ያይ ነበር?» አለች።

«ያይ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ እስኪሞት ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር።» እጅዋን አወጣች፤ አረፋው በክርንዋ ወረደ። «በሦስት ወር ውስጥ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ በላህ ገሠሠ?»

ገሠሠ ያልተቀመጠበትን በርጩማ አየ።

«ገነዝከው። በእነዚያ እጆችህ ገነዝከው። እኔም ሐሙስ አይዞህ አልኩህ።» አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በወደደ። «እንግዲህ ስማኝ። እኔ ስለሰማሁት አልቀለለህም። ለእኔ የነገርከውን ለክፍሌ ንገረው። ጽፈው፣ ብየዳ ብለው ባነበቡበት አዳራሽ ያንብቡት። እስከዚያ ደጄን እንዳትረግጥ። ከዚያም በኋላ አላውቅም።»

ክፍሌ በመጀመሪያ አልሰማውም ለማለት ሞከረ። «ሪፖርቱ ሄዷል እኮ» አለ። «ምስጋናውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፤ አሁን አንተም ልትጠፋ ነው? ደግሞስ ያኔ ምን አስዋሸህ?»

«እፍረት» አለ ገሠሠ።

«አሁንስ?»

«አሁንም እሱው ነው።»

ክፍሌ ወረቀት ስቦ ሰጠውና «ጻፍ» አለው። ለወረቀት ይገዛ የነበረው ሰው ይህን ወረቀት ሊደብቀው አልቻለም።

በመጋቢት ወር መጨረሻ፣ ቀን በስምንት ሰዓት፣ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠርቶ ደብዳቤው ተነበበ። የንዋይ ብየዳ ነቀፌታ እንደሌለበት፤ ስሌቱ በተሰጠው ልክ ትክክል እንደነበር፤ የተሰጠው ልክ ግን ሐሰት እንደነበር፤ የአሰብ ነፋስ ጉልበት የለውም የተባለውም ስሕተት በመሆኑ ልኬቱ በሌላ ሰው እንደ አዲስ እንዲጀመር። ደብዳቤው ሲነበብ ገሠሠ ቁም ተብሎ ቆሞ ነበር። ከመቆጣጠሪያ ክፍል ወጥቶ ግቢ ጠራጊ እንዲሆን ተወሰነ። ልኬቱ ደግሞ አልተጀመረም። መለኪያው ለምርመራ አዲስ አበባ ሄደና ሳይመለስ ቀረ፤ ሰውም ጦርነቱን እንጂ ነፋሱን የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም። በይሉል ናፍጣ ሲመጣላት በናፍጣ፣ ሲቀር በባልዲ ኖረች። ለዚህም ገሠሠ ለሌላ የሚያካፍለው ጥፋት አልነበረውም።

ስብሰባው ሲበተን ሰዎቹ ከእሱ ራቅ ብለው አለፉ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ «እግዜር ይይልህ» አለው። ትሩፋት በአጠገቡ አለፈች። አላየችውም ማለት አይቻልም፤ አይታዋለች፣ ሰላም አላለችውም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ ቀጥ ብላ፣ የንዋይ ሚስት መሆኗን ሰው ሁሉ እንዲያይ አድርጋ ሄደች።

ገሠሠ ወደ ባሕሩ ወረደ። ከመርከብ ማረፊያው ወዲህ፣ ሰው በሌለበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ አልቅሶ ነበር፤ እያንዳንዱን ጊዜ ግን ያለቀሰው ለራሱ ነው፣ እንዳይታወቅበት ፈርቶ። አሁን የሚፈራው ነገር አልቀረም። የንዋይ ቀልድ መጣበት፣ የማይቆለፈው ሸሚዙ፣ «አቦ» የሚለው ድምፁ። ጓደኛው እንደሞተ በዚያች ሰዓት ገና የሰማ ይመስል፣ ጮኾ አለቀሰለት።